ሊቀ ዘይትና የወረቀት መቀነቱ

በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ከመሟላቱ በፊት የሚሟላ አንድ ሰው አለ፤ የሰው ሳህን አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው። ሥራ አስኪያጅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ማሽን ያረጃል፣ ይቀየራል። እሱ ግን አለ። እናንተ ዘንድ ምናልባት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ይሆናል፤ ምናልባት ጎረቤታችሁ ነው፤ ነገሩ ሲከፋ ደግሞ አማታችሁ። ማንኪያችሁን ወደ አፋችሁ ስታነሡ ዓይኑ አብሮ ይነሣል። ማንኪያው ባዶውን ይመለሳል፤ ዓይኑ አይመለስም። ከጎረሳችሁት ጋር ቁልቁል ወርዶ የት እንደሚያርፍ ሳያጣራ አይወጣም።

የኛው ክቡር ሊቀ ዘይት ይባላል። ማዕረጉን የሰጠው ሾፌራችን ነው፤ ሹመቱን ያጸደቀው ግን መላው ማተሚያ ቤት ነው። በደመወዝ መዝገብ ላይ የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ተብሎ ተጽፏል፤ መጽሐፍ ያጥፋል፣ ይሰፋል፣ ይጠርዛል። ቁመቱ የመጋዘን መሰላል ነው፤ ውፍረቱም የዚያው የመሰላሉ ነው። ሸሚዙ ውስጥ እሱን የሚያህል ሌላ ሰው ቢጨመር ቦታ አይጠብም። ስለ ስብ የሚናገረው፣ አንድም ቀን ሰፈሩ ረግጦ የማያውቀውን ጠላት እንደሚያማ ሰው ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፍልስፍና በማስተማር ነው። ጡረታ ስወጣ እዚህ አራሚ ሆኜ ገባሁ፤ የሰው ስሕተት እየለቀምኩ እኖራለሁ ማለት ነው። ሰው ምንድን ነው፣ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል እያልኩ ብዙ ትውልድ አሰልችቻለሁ። ሊቀ ዘይት ግን ጥያቄውን አጥብቦ ያዘው። ሰው ወዴት እንደሚሄድ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ምሳው ወዴት እንደሚሄድ ነው።

«መብላትህን አልተቃወምኩም» ይላል፣ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ። «አድራሻውን ንገረኝ። የት ነው የሚቀመጠው?»

ሊቅነቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ የተማረበትን መጽሐፍ ያረምኩት እኔ ነኝ። ጥረዛ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነበብም። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ይመጣል፣ ይታጠፋል፣ ከወንድሞቹ ጋር ይሰፋል። ቀለም የተደፋበት ካለ ይጣላል፣ ወይም የዳቦ መጠቅለያ ይሆናል። አንድ የሥነ ምግብ መጽሐፍ ሲታተም እንዲህ ያለ የተበላሸ እጥፋት ለሊቀ ዘይት ደረሰው። ዳቦውን በላ፤ መጠቅለያውን አነበበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለንም።

እጥፋቱ ከአረፍተ ነገር መካከል ይጀምራል። ጤነኛ ሰዎች ሆን ተብሎ ከወትሯቸው በላይ እንዲበሉ ተደረገ ይላል። ለግማሾቹ የሚበሉት ኬክ የተጋገረው በሚረጋ የፓልም ዘይት ነው፤ ለግማሾቹ በሱፍ አበባ ዘይት። ክብደት ሁሉም እኩል ጨመሩ። ልዩነቱ የተጨመረው ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። የሚረጋውን የበሉት ጉበታቸው ላይና ሆድ ዕቃቸው ዙሪያ ስብ አበዙ፤ የሌሎቹ ጭማሪ ግን ለጡንቻም ተካፈለ። እዚህ ላይ እጥፋቱ ያልቃል። የመጨረሻው ቃል «ይሁን እንጂ» ነው።

ከ«ይሁን እንጂ» በኋላ ምን እንደሚል እነግረው ዘንድ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፣ ጊዜው ሳምንታት ብቻ ነበር፣ በልክ ለሚበላ ሰው ነገሩ ያው ላይሆን ይችላል ይላል።

«ጋሼ» ይለኛል፣ እጁን በትዕግሥት እያነሣ፣ «ዋናው ነገር እኮ ተነግሮ አልቋል።»

ሾፌራችን እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ሁላችንም ብርቱካን ይዘን ሄድን። ሊቀ ዘይት ባዶ እጁን መጣ፤ መጥቶም ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሾርባ ገለጠ። ሾርባው ቀዝቅዞ ፊቱ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል።

«አየሃት?» አለው። «ይቺ ናት ነገ ጉበትህ ላይ ቤት ሠርታ የምትቀመጠው።»

«አንተ ሰውዬ፣ የተሰበረው እግሬ ነው!»

«እግርማ ይጠገናል።»

የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ሲሸኙም እንዲሁ ሆነ። ኬኩ ተቆረሰ፤ ሰዉ ሳህኑን ይዞ ንግግር ይጠብቃል። ሊቀ ዘይት ድርሻውን ተቀበለና ክሬሙን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ክሬሙ ጎድጉዶ ቀረ። «ክቡራንና ክቡራት» አለ፣ ማንም ሳይጋብዘው፣ «እሳቸውን እየሸኘን ነው። ይህንን ግን እየተቀበልን ነው።» ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ደረቀ። አጠገባቸው የነበረችው ጸሐፊ ሳህኗን ቀስ አድርጋ ከመጋረጃው ሥር ሸሸገችው። በኋላ ሄዳ እንደበላችው ግን አይቻለሁ።

ትልቁ ጦርነት የነበረው ከእታለም ጋር ነው። እታለም የሠራተኞች ክበባችንን ምግብ የምታበስል ሴት ናት። የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ታላቁም ታናሹም እታለም ይላታል። ድንች ትጠብሳለች፣ ሩዝ ትሠራለች፣ መኮረኒ ትቀቅላለች። ሁሉንም የምትሠራው በባልዲ በሚመጣ የሚረጋ ዘይት ነው። ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ስትዝቀው እንደ ሳሙና ይቆረሳል። ሊቀ ዘይት ያንን ድምፅ ከጥረዛ ክፍል ይሰማዋል ብንል ብዙም አልዋሸንም።

«እታለም፣ ይሄ ነገር እኮ በብርድ ይረጋል።»

«እኔም በብርድ እረጋለሁ። ምን ይጠበስ?»

«ሆድ ውስጥም ይረጋል።»

«ያንተ ሆድ ውስጥ ምን ገብቶ ነው የሚረጋው? አንተ መጀመሪያ ሆድ ይኑርህ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ወረቀትህን ጥረዝ ወንድሜ!»

ሰውየው ግን እንደ ጠብታ ውሃ ነው፤ ያው ቦታ ላይ ይመላለሳል። ሰልፍ ላይ ይነግራታል፣ ሳህን ሲመልስ ይነግራታል፣ በር ላይ ሲገናኙ ከሰላምታው አስቀድሞ ይነግራታል። በበጋው መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጭልፋዋን ጣል አድርጋ፣ «እሺ! ከዛሬ ጀምሮ ቀይሬአለሁ። የሱፍ ነው። በቃ፣ ውጣልኝ ከኩሽናዬ!» አለችው።

እንዲህ ያለ ድል ሳይለካ አይታለፍም። ሊቀ ዘይት ከትልቁ መቁረጫ ሥር የወደቁትን ቀጫጭን የወረቀት ትርፎች ሰበሰበ። ከክበቡ በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዳችንን ወገብ ለካ፤ ትርፉን እምብርታችን ላይ ሲገጥም በስለት ቆረጠው፣ ስማችንን በእርሳስ ጻፈበት። ሾፌራችን እጁን ዘርግቶ እንደሚፈተሽ ሰው ቆመ።

«ለኔ ሁለቱን ቀጥልልኝ እንጂ» አለው።

«ዝም በል፤ ሆድህን አትሳብ።»

«ስቤው ነው እንዴ እንዲህ የሆነው?»

እኔንም ለካኝ። ከዚያ የሁላችንንም የወረቀት መቀነት ጥረዛ ክፍል ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለው። አንዳንዴ ወዲያ ሳልፍ መሥሪያ ቤታችን በሙሉ በነፋስ ሲወዛወዝ አያለሁ።

ከዚያ ክረምት ገባ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሰነበተ፤ ግድግዳው ሁሉ ላብ አወጣ። ሊቀ ዘይት መቀነቶቹን አውርዶ እንደገና ለካን። እውነትም ጉድ ታየ። ከእምብርት ላይ ጫፍ ለጫፍ ይገጥም የነበረው ወረቀት አሁን ተደራርቦ ያልፋል። የሁሉም ያልፋል! የሾፌራችን ሳይቀር ያልፋል።

«ቀበቶዬ ግን በዚያው ቀዳዳ ነው ያለው» አለ ሾፌራችን፣ ግራ ገብቶት።

«ቀበቶ ቆዳ ነው፤ ይለመጣል» አለ ሊቀ ዘይት። «ወረቀት ግን አይዋሽም።»

ወሬው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጋ ደረሰ። ወጣት ናቸው፣ ለውጥ የሚሉትን ነገር ይወዳሉ፤ ለውጥ በወረቀት ሲመጣላቸው ደግሞ የበለጠ ይወዳሉ። ሊቀ ዘይትን አስጠርተው ጨበጡት። የጤና ኮሚቴ እንደሚቋቋምና ሰብሳቢው እሱ እንደሚሆን ነገሩት። ሰውየው ከቢሮው ሲወጣ አየሁት፤ ሸሚዙ የሞላ መሰለ። ምንም ቢሆን የሰው ልጅ አንድ ቀን እውነተኛ ማዕረግ ይፈልጋል፤ የሾፌር ሹመት ብቻውን አይበቃውም።

ሥራ አስኪያጁ ግን እዚያ ላይ አልቆሙም። ዘይት ብቻ ተቀይሮ ይህ ከተገኘ፣ ምግቡ ራሱ ቢቀየርስ? የታሸገ ጤናማ ምሳ የሚያቀርብ ድርጅት ከውጭ ይገባል፤ ኩሽናው ይዘጋል። ይህንን ለመወሰን የሠራተኞች ስብሰባ ተጠራ። ስለ እታለም ማንም አላነሣም። ኩሽና ሲዘጋ ውስጡ ሰው እንዳለ የሚረሳው እንዲህ ነው።

በስብሰባው ዋዜማ፣ ሳህኔን ልመልስ ስሄድ እታለም ከበሩ ሳብ አደረገችኝ። እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ለማንም እንዳይናገሩ።»

«አልናገርም።»

«አልቀየርኩም።»

«ምኑን?»

«ዘይቱን። ያው የባልዲው ነው። ቀይሬአለሁ ያልኩት እንዲወጣልኝ ነው። እንዴት እንደከሱልኝ እግዜር ይወቀው!» አፏን በክንዷ ሸፈነች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። «አሁን ምን ይሻለኛል? ውሸቴን ብናገር በውሸቴ ያባርሩኛል። ዝም ብል ደግሞ ሥራሽ አማረ ብለው ያባርሩኛል።»

ከሁለት ወገን የሚዋጋ ክርክር ምን እንደሚመስል ለማስረዳት በማስተማር ዘመኔ ስንት የሩቅ አገር ምሳሌ ፈጅቻለሁ። አንዱም የእታለምን ያህል የጠራ አልነበረም። ሳህኑን ሰጥቻት ወጣሁ።

እግሬ ወደ ጥረዛ ክፍል ወሰደኝ። ሊቀ ዘይት ብቻውን ነበር። ሙጫ የሚሞቅበትን ምድጃ አብርቶ፣ ከላዩ የሾፌራችንን መቀነት በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል። የብረት ማስመሪያው ጎኑ ተዘርግቷል። አላየኝም፤ ወረቀቱን ካሞቀ በኋላ ማስመሪያው ላይ አስተኛው። ከዚያ ሌላውን አነሣ፤ እንደዚያው አደረገ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ።» ድምፁ ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል። «ሲሞቅ ያጥራል።»

ጠጋ ብዬ ማስመሪያውን አየሁ።

«ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል። በወረቀቱ ቃጫ አግድም የተቆረጠ ደግሞ ይብሳል። ይህንን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው እኔ ነኝ። በክረምት የቆረጣችሁትን ሽፋን በበጋ አትመኑት የምለው እኔ ነኝ።» መቀነቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «እኛ አልከሳንም። ወረቀቱ ነው ያደገው።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ነገ ሰብሳቢ ሊያደርጉኝ አይደል? ዝም ብል ማን ያውቃል? ዝናቡ ያቆማል፣ መቀነቶቹን እጥላቸዋለሁ…»

«እታለምስ?»

«እታለም ምን ሆነች?»

ነገርኩት። ኩሽናው ሲዘጋ እንጀራዋ እንደሚዘጋ ብቻ ነው የነገርኩት፤ የባልዲውን ነገር አላነሣሁም፤ አደራ ነው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ ዘይቱ ይውጣ አልኩ እንጂ እሷ ትውጣ አልኩ?» አለኝ፤ እኔ ያልኩት ይመስል።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ ሊቀ ዘይትን ለምስክርነት ጠሩት። ሰዉ አጨበጨበ። እታለም ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ እጆቿ ሽርጧ ውስጥ ናቸው። ሊቀ ዘይት ከኪሱ ደረቅ የወረቀት ትርፍ አወጣ፤ ከብረት ማስመሪያው ጋር እኩል መሆኑን አሳየን። ከዚያ የሙጫ ማርጠቢያ ስፖንጁን አንሥቶ ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሻሸው። ጠበቅን። ወረቀቱ ቀስ ብሎ ከማስመሪያው ጫፍ አልፎ ብቅ አለ።

«ጥናቱ እውነት ነው» አለ። «የሚረጋው ሆድ ይወዳል፤ ከዚህ ቃል አልመለስም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሁን እንጂ…»

በሕይወቱ ያንን ቃል ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይሁን እንጂ እኔ የለካሁት ወገብ አይደለም። እርጥበት ነው። ጠራዥ ሆኜ በክረምት በወረቀት ለካሁ። ማንም አልከሳም።»

«ታዲያ ውጤቱ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ውጤቱ የዝናቡ ነው።»

ከዚያ ሾፌራችን፣ «ቀበቶዬ እኮ ነግሮኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጥረዛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ፤ ለእነሱ መቼም ይህ ከኬክ የበለጠ ነው፤ አለቃቸው በመጀመሪያው ቀን ትምህርት ወደቀ። ሊቀ ዘይት እርጥቡን ወረቀት ይዞ እንደቆመ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ ማኅደራቸውን ዘጉ። ውጤት ከሌለ ለውጥም የለም፤ ኩሽናው ባለበት ቀረ። ኮሚቴውም ሳይወለድ ቀረ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ኩሽና በር ላይ ባዶ የሱፍ ዘይት ጠርሙሶች አየሁ። እታለም ዓይኔን ተከትላ፣ «ለማንም እንዳይናገሩ» አለችኝ፣ አሁንም። የዚያን ዕለት ሊቀ ዘይት ድንቹን ቀመሰ፣ አኘከ፣ ፊቱን ቅጭም አደረገ።

«እታለም፣ ዛሬ ምን አገኘሽው? የበፊቱ ይሻል ነበር።»

እታለም አየችኝ። እኔ ሩዜን አየሁ። ይህንን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ፣ እሱ ታጥፎ ካልመጣለት በቀር እንደማያነብ ስለምታውቅ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሰውየውን በሩቁ እያደነቅሁ እኖር ነበር። ነገር ግን እሱ ነገር ማንጠልጠል አይወድም። መቀነቶቹን በምድጃው አድርቆ፣ ለኅሊናው ሲል ሁላችንንም እንደገና ለካን። የሁሉም በበጋው ቦታ ጫፍ ለጫፍ ገጠመ። የሾፌራችን ገጠመ፤ የጸሐፊዋ ገጠመ። የኔ ሲደርስ ግን ደረቁ ወረቀት ተደራርቦ አለፈ። በጣት ሳይሆን በመዳፍ የሚለካ ነበር። እንደገና ለካኝ። ወረቀቱን ምድጃው ላይ መልሶ አሞቀውና ለሦስተኛ ጊዜ ለካኝ።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ዘይት የነካው ነገርስ?»

«ለአንድ ሰው ድስት አይጣድም» አልኩት። ባለቤቴ ካለፈች ጀምሮ ድስቶቹ ከመደርደሪያው አልወረዱም፤ ይህንን ግን አልነገርኩትም። መቀነቴን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ስለ አድራሻ ምንም አላለም።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ላይ ወንበሩን ከኔ አጠገብ ያደርጋል። እታለም የሰጠችውን ድንች እኩሌታውን በማንኪያው ወደ ሳህኔ ይገፋዋል። እምቢ ብል፣ «ዝም ብለው ይብሉ ጋሼ» ይለኛል፤ ዓይኑን ወደ ሌላ ሰው ሳህን ልኮ።

«ለኔ ሲሆን ጉበት፣ ለጋሼ ሲሆን ጥብስ?» ብሎ ሾፌራችን አንድ ቀን ተነሣበት።

«ያንተ ቤት ሞልቷል፤ ተከራይ የምታስወጣበት ጊዜ ነው» አለው። «የሳቸው ቤት ገና ባዶ ነው።»

ዝናቡ አባርቷል። ትናንት ምሳ ላይ ሊቀ ዘይት ከኪሱ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና እንድነሣ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ እያየ ወገቤ ላይ አዞረው። ጫፎቹን እምብርቴ ላይ አገናኘ፤ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰ።

«ገጠመ» አለ።

ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ። ድንቹን ወደ ሳህኔ ሊገፋ ጀመረና መካከል ላይ አቆመው።

«ይሁን እንጂ ጋሼ» አለኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አድራሻውን መከታተል አለብን።»

ማንኪያዬን አነሣሁ። ዓይኑ አብሮ ተነሣ። ቀስ ብዬ ጎረስኩ፤ ጉርሻዬን እስከ ታች ድረስ እንዲሸኝልኝ።